ክንዱን ማን መለሰው?

ሙያውን በሥራ ቦታው ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ አንድ ልብስ ሰፊ ለቅሶ ቤት ሲያለቅስ በደንብ ይመልከተው፤ እንባው ይወርዳል፣ ዓይኑ ግን የሟችን ወንድም ኮት ትከሻ ይመረምራል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው ከቀኑ በፊት የሚያየው የተሳሳተችውን ፊደል ነው። ግንበኛ ሰው ቤት ሲገባ "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ሳይጨርስ ግድግዳው መንጋደዱን አውቆ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። በደብረ ታቦር የሁሉም አለቃ ማን እንደሆነ ሰዓዲያን ቢጠይቋት ግን ሳታስብ ትመልሳለች፤ አያ ወርቁ ናቸው።

ሰዓዲያ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፀጉር ጌጥና የልጆች መጫወቻ ትሸጣለች። አያ ወርቁ ከሱቋ ጀርባ ባለው ግቢ የሚኖሩ የስድሳ ስምንት ዓመት ወጌሻ ናቸው። የወለቀ ትከሻ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት፣ ወለምታ የያዘው ጣት ሁሉ ከአንበሳሜም ከእብናትም ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

ክቡር አያ ወርቁ፣ የመገጣጠሚያዎች ሁሉ ዋና ተቆጣጣሪ፣ ሰላምታቸው አጭር አልነበረም። የጨበጡትን እጅ አይለቁም። አውራ ጣታቸው ቀስ እያለች ወደ አንጓው ትወጣና አንድ ቦታ ላይ ቆም ትላለች።

"ይቺ መቼ ወለቀች?"

"ኧረ ወልቃ አታውቅም፣ አያ ወርቁ።"

"ልጅ ሆነህ ነው። እናትህን ጠይቅ።"

ሰውየው እየሳቀ ቤቱ ይሄዳል፤ ለጨዋታ ያህል እናቱን ይጠይቃል። እናቱም አፏን ይዛ "ውይ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆነህ ከአጥር ላይ ወድቀህ!" ትላለች። ችግሩ ይኸው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ ልክ የሆነን ሰው ደግሞ መቻል ከባድ ነው።

ሠርግ ቤት እስክስታ ሲደራ ሌላው ያጨበጭባል፤ እሳቸው ሚዜው ትከሻውን ሲያርገፈግፍ እያዩ በጋቢያቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ሻይ ቤት ገብተው ኳስ ሲያዩ ማን እንዳሸነፈ አያውቁም፤ የወደቀውን ተጫዋች ጉልበት ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲጠያይቁ ይከርማሉ። ጃንጥላ ሲዘረጉ አጥንቱን አንድ በአንድ ነክተው ነው። የሰዓዲያን የሱቅ በር ማጠፊያ አንድ ቀን ሲያወዛውዙ ቆይተው "ይህ በር በግራ በኩል ያነክሳል" አሏት። በሩ በእርግጥም ያነክስ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ግን ሰዓዲያ ልብ ብላው አታውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ በከፈተችው ቁጥር እየሰማችው ትበሳጫለች።

ባለፈው ክረምት አያ ወርቁ በድንገት ሥራ አቆሙ። የታመመ ሲመጣ በአገጫቸው መንገዱን እያሳዩ "ሆስፒታሉ እዚያ ነው" ይሉታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ "ስእለት አለብኝ" ብለው ዝም። ምን ዓይነት ስእለት እንደሆነ ባለቤታቸውም አያውቁም። ከተማው የየራሱን ምክንያት ሰጠ፤ አንዱ እርጅና ነው አለ፣ ሌላው ጽድቅ ፈልገው ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ቀናቸውን ከሰዓዲያ ሱቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳልፋሉ። የመቀሱን መገናኛ ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ የአሻንጉሊቶቹን ክንድ ያነሳሉ ያወርዳሉ። ሰዓዲያ አንድ ነገር አስተውላለች፦ ዕቃ ይነካሉ፣ ሰው ግን አይነኩም። ሰላምታው ሁሉ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሆኗል። ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም።

በዚህ መሀል ሁለቱ ጦረኞች መጡ።

ያዘዛቸው ደረጄ ነው። ደረጄ በሐሙሲት መስመር ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ጢሙን የሚያሳምር ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ገብቶ ግራ ቀኝ አየና ከጃኬቱ ውስጥ ሁለት የተጨማደዱ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ የብረት ግዙፍ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል።

"እነዚህን ከባሕር ዳር ታስመጭልኛለሽ? መጫወቻቸው አለ። መንትያ ናቸው። ሲፈልጉ ሰው፣ ሲፈልጉ ቦቴ መኪና ይሆናሉ። ቀዩ የነዳጅ፣ ሰማያዊው የውኃ። ጥንድ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ብቻውን አይሆንም።"

"ለማን ነው?"

"ለእህቴ ልጅ።"

ደረጄ እህት እንደሌለው መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል። ሰዓዲያም ታውቃለች። "እሽ፣ እግዜር ያሳድግልህ" አለችውና መጻሕፍቱን ለምልክት እንዲሆኗት አስቀረች።

ካርቶኑ ማክሰኞ ደረሰ፤ ደረጄ ቅዳሜ ሊወስድ ቀጠሮ ነበራቸው። በካርቶኑ የፕላስቲክ መስኮት በኩል ሁለቱ ጦረኞች ደረታቸውን ነፍተው ቆመው ይታያሉ። ሰዓዲያ ለምን እንደከፈተችው ብትጠየቅ "የጎደለ ነገር እንዳይኖር ልይ ብዬ ነው" ማለት ትችላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰው እንዴት ቦቴ እንደሚሆን ማየት አማራት።

በቻይንኛ የተጻፈ የሥዕል መመሪያ ነበረው። እስከ ስምንተኛው ሥዕል ድረስ ደህና ሄደች፤ እግሮቹ ተጣጠፉ፣ ጎማ ወጣላቸው። ዘጠነኛው ሥዕል ላይ ግን ክንዱ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ በቦታው የቦቴው ጎን ተተክቷል። ሰዓዲያ ክንዱን ወደ ኋላ ገፋችው፤ እምቢ አለ። ትንሽ ጠንከር አደረገችው። "ቀጭ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀዩ ጦረኛ ጭንቅላቱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ቀኝ ክንዱ ፖሊስ እንደያዘው ሰው ጀርባው ላይ ተጠምዝዞ ቀረ። ወደፊትም ወደኋላም አይል። ሰውም አይደል፣ ቦቴም አይደል።

አያ ወርቁ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ምርኩዛቸውን ሳያስቀምጡ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጡ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"በኃይል?"

"ትንሽ በኃይል።"

"ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው" አሉና ተቀመጡ። "እስቲ ወዲህ በይው።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀዩ ጦረኛ ከአያ ወርቁ እጅ አልወረደም። ምንም ነገር ግን አላዞሩም። ይዳብሱታል፣ ያገላብጡታል፣ ጆሯቸው ጋ ይወስዱታል። ረቡዕ ጠዋት "የበሽተኛውን ታሪክ አምጭልኝ" አሏት። ሰዓዲያ ግራ ገብቷት ቆይታ ነገሩ ሲገባት የደረጄን መጻሕፍት ከመሳቢያ አወጣች።

አያ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን እየገለጡ አነበቡ፤ ንግግሩ በባዕድ ቋንቋ ስለነበር ያነበቡት አጥንቱን ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ አንድ ባለ ጥፍር ጠላት የቀዩን ክንድ ከትከሻው መንግሎ ጥሎታል። ሰባተኛው ገጽ ላይ ቀዩ በዚያው ክንድ ተራራ የሚያክል ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። አያ ወርቁ ስድስተኛውን ገለጡ፣ ሰባተኛውን ገለጡ፣ ተመልሰው ስድስተኛውን ገለጡ።

"ክንዱን ማን መለሰው?"

"አያ ወርቁ፣ ሮቦት እኮ ናቸው። ራሳቸው ይመልሱታል።"

"ራሱን የመለሰ ትከሻ አላየሁም። ደግሞ ሳያርፍ ድንጋይ! ቢያንስ ሁለት ሳምንት ታስሮ መቆየት ነበረበት።" ጣታቸውን ሌላ ገጽ ላይ አሳረፉ። "ይህን ተመልከች። እዚህ ቦቴ ነው፤ እዚህ ሰው ነው። በመሀሉ ምን አለ?"

በመሀሉ ቢጫ የኮከብ ፍንዳታ ብቻ ነበር።

"ኮከብ" አለች ሰዓዲያ።

"አዎ፣ ኮከብ! ሠዓሊው ሲያቅተው ኮከብ ሣለበት። የቻይናው ሠዓሊም ዘለለው። ሰው እንዴት ሰው እንደሚሆን የሚያሳየውን ሥዕል ሁሉም ይዘለዋል። ያቺ ሥዕል የት አለች?"

ሰዓዲያ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን ደንበኛ ሲጠፋ መጻሕፍቱን ለብቻዋ ገለጠች። ከሽፋን እስከ ሽፋን አሥራ አንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አሥራ አንዱም ላይ ኮከብ ነው። ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ እንዳልነበር ታውቃለች፤ ሆኖም እሷም ያቺን ሥዕል ማየት ፈለገች።

ሐሙስ ቀን ደረጄ ሳይታሰብ መኪናውን ከሱቁ ፊት አቁሞ ጎራ አለ። ሰዓዲያ ደነገጠች። አያ ወርቁ በሽተኛውን ከጋቢያቸው ሥር አገቡት።

"መጣልሽ እንዴ?"

"እ... ቅዳሜ አላልሁህም? ቅዳሜ ነው።"

ደረጄ ወደ አያ ወርቁ ዞረ። "አንቱ ደህና ሰነበቱ? ጋቢው ሥር ምን ይዘዋል?"

አያ ወርቁ ውሸት አይወዱም። "በሽተኛ" አሉ።

"የምን በሽተኛ?"

"ውልቃት ነው። አትቅረብ፣ ገና ነው።"

ደረጄ ጫጩት ወይ ድመት መስሎት "ይማርልዎት" ብሎ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ወደ ሐሙሲት ሄደ። ሰዓዲያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሰውየው ያመናት ሰው ነው። ሳይፈቀድላት ከፍታ የሰው ዕቃ መስበሯን ከነገ ወዲያ በአፏ ልትነግረው ነው።

"አያ ወርቁ፣ ሦስት ቀን ሆነዎት። ለምን አያዞሩትም?"

"ሰምቼ አልጨረስሁም" አሉ፣ ሳያዩዋት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመጨረሻ ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉት። "ጤነኛውን አምጭ" አሏት።

"ሰማያዊውን? እሱም ቢበላሽስ?"

"በሽተኛውን ከመንካትሽ በፊት ጤነኛው ጎን እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለብሽ። ግራ እጁ ለታመመ ቀኙን ነው መጀመሪያ የምዳስሰው። ለዚህኛው እግዜር መንትያ ሰጥቶታል፤ ዕድለኛ ነው።"

ሰማያዊው ጦረኛ ቀረበ። አያ ወርቁ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አውራ ጣታቸውን ትከሻው ላይ አኖሩና አንቀሳቀሷት። አንድ ጊዜ አለፈች። ተመለሰች። እንደገና አለፈች። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በመጨረሻ ሰማያዊውን ደብተሮቹ ላይ አስቀመጡና ሁለቱን አውራ ጣቶቻቸውን የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አገላብጠው አዩአቸው።

"አይሰሙም" አሉ።

"ምኑ ነው የማይሰማው?"

"ጣቶቼ። ከሐምሌ ጀምሮ ደንዝዘዋል። ስእለት የለብኝም፣ ሰዓዲያ።"

መንገዱ ላይ አህያ እየነዱ የሚያልፉ ሰዎች ድምፅ ተሰማ። አያ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

"አንዲት ሴት ከእብናት መጣች። የቀኝ እጇ አንጓ ነበር። ዳሰስሁ፣ መለስሁት፣ 'ገብቷል' አልኋት። አልገባም ነበር። አላወቅሁም። ለሁለት ሳምንት በስቃይ ኖራ ሆስፒታል እንደገና አስተካከሉላት። ከዚያ ልታመሰግነኝ መጣች፤ እኔን ልታመሰግን! በግራ እጇ ጨበጠችኝ።"

ሰውየው ሰላምታ ያሳጠሩት፣ ሠርግ የቀሩት፣ ወንበሯ ላይ የዋሉት ለካ ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ መቀሴን አበላሹብኝ ስትል ከርማለች። ሰዓዲያን ሳታስበው አፏ ቀደማት።

"የእኔ ጣቶች ይሰማሉ።"

አያ ወርቁ ቀና ብለው አዩዋት።

"ዓይንሽን ጨፍኝ" አሉ።

ጨፈነች።

"ሰማያዊውን ያዥ። ትከሻውን። አትግፊ። እጅሽ እንዲተኛ ተይው። ምን አለ?"

"ፕላስቲክ።"

"እሱን ዓይንሽ ነው የነገረሽ። ጣትሽ ምን አለ?"

ጣቷን በዝግታ አንሸራተተች። "ስንጥቅ የመሰለች መንገድ አለች። ዙሪያውን ትሄዳለች።"

"ተከተያት።"

"አንድ ቦታ ላይ... እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ነገር አለች። እዚያ ትቆማለች።"

"እህ!" አያ ወርቁ ወንበሩን ሳቡ። "እሷ ናት በሩን የዘጋችው። አሁን አታዙሪ። ወደ ውስጥም አትግፊ። ክንዱን ወደ ውጭ ሳቢው፣ በቀስታ። መጀመሪያ አጥንቱ ከቤቱ ይውጣ፤ መዞር ከዚያ በኋላ ነው።"

ሳበችው። አንድ የፀጉር ውፍረት ያህል ወጣ። ፍሬዋ ጠፋች። ክንዱ በራሱ ፈቃድ እንደሚሄድ ሆኖ ዞረና ከጎኑ ተኛ። ሰዓዲያ ዓይኗን ገለጠች፤ እጇ ላይ ያለው ሰው አልነበረም፣ ግማሽ የውኃ ቦቴ ነበር።

"አያ ወርቁ! ሥዕሏ ይቺ ናት! የዘለሏት!"

"ገና አልጨረስሽም። በሽተኛው እየጠበቀ ነው። ዓይንሽን!"

የቀዩ ክንድ ከባድ ነበር፤ ፍሬዋ ከመንገዷ ወጥታ ጎን ገብታ ተሰንቅራለች። አያ ወርቁ ግን "አዎ... ቆይ... ከሰማያዊው ጋር አስተያይው... አሁን ወደ ውጭ" እያሉ፣ ድምፃቸው እንደ እጅ እየያዛት፣ አንድ ነገር "ጠብ" አለ። ያ የማክሰኞው "ቀጭ!" አልነበረም፤ ለስላሳ ነበር። ቀዩ ክንዱ ከጀርባው ወረደ፣ ጭንቅላቱም ከደረቱ ወጣ።

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ጥሪ እስኪሰማ ድረስ ሁለቱ አዋቂ ሰዎች ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ መናገር ያሳፍራል። ሁለቱን ጦረኞች ስድስት ጊዜ ቦቴ፣ ስድስት ጊዜ ሰው አደረጓቸው። እስክሪብቶ ሊገዛ የመጣ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ "ሰው የለም ወይ?" ብሎ ጮኾ ነው የተሸጠለት።

ቅዳሜ ደረጄ ሲመጣ ሰዓዲያ ሳትቀባባ ነገረችው። ከፍታዋለች፤ ክንዱን አውልቃዋለች፤ አስመልሳዋለች፤ ካልፈለገ አትቀየመውም። ደረጄ ቀዩን አንስቶ አገላብጦ አየው። ሰዓዲያ ስድብ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ በሩ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

"እንዴት ነው የሚዞረው?" አለ በሹክሹክታ። "አምና አረንጓዴውን ገዝቼ ነበር። እስከዛሬ እንደተጣጠፈ ነው።"

"የእህትህ ልጅ አረንጓዴም ነበረው?" አለች ሰዓዲያ።

ደረጄ ጢሙ ሥር ቀላ። ክንዱ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚሳብ አሳየችው፤ ሁለቱን ይዞ እየሳቀ ሲወጣ አያ ወርቁ ከኋላው ተጣሩ።

"ቀዩን ለሦስት ቀን አታዙረው! ሥራም አታብዛበት!"

"እሽ፣ አያ ወርቁ" አለ ደረጄ፤ በጣም ከልቡ ነበር።

እሑድ አያ ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ወንበር ባዶ ነበር። ሰዓዲያ ሦስት ጊዜ ወጥታ መንገዱን አየች፤ ለምን እንደምታይ ራሷን ስትጠይቅም ተናደደች። እስካሁን ዕቃዬን ነካኩብኝ ስትል የከረመች ሴት፣ ዛሬ መቀሶቿ ሳይነኩ ማርፈዳቸው ደብሯታል። ጥንዶቹ ሄደዋል፤ ምናልባት አያ ወርቁም የሚመጡበት ጉዳይ አልቋል።

አራት ሰዓት ሲሆን ምርኩዛቸው ተሰማ። በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ደብተሮቹን ገፋ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፈቱት። የበግ የፊት እግር ነበር፤ ከነትከሻው።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ትከሻ ነዋ። አባቴ እኔን ያስተማረኝ በበግ ነው። ፕላስቲክ ላይ የሚሰማ ጣት ሥጋ ሥርም መስማት አለበት። የተሰበረ ለሆስፒታሉ ነው፣ እሱን አንነካም። ወለምታው ግን ያንች ነው። ዓይንሽን ጨፍኝ።"

ሰዓዲያ እጇን ዘረጋችና ሰበሰበችው። ሥጋውን አየች፣ አያ ወርቁን አየች፤ እንዴት ብላ እንደምትጠይቅ ጨነቃት።

"ከሱልጣን ሥጋ ቤት ነው" አሉ አያ ወርቁ፣ ሳትጠይቃቸው።

ሱልጣን ከመስጊዱ አጠገብ ያለው ሥጋ ሻጭ ነው። አያ ወርቁ በዚያ መንገድ ስድሳ ስምንት ዓመት አልፈዋል፤ እግራቸው ግን ያንን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የእሷም እግር የክርስቲያኑን ሥጋ ቤት ደጃፍ እንደማያውቅ ሁሉ። በከተማው እንዲህ ነው የሚኖረው፤ ማንም በማንም አይቀየምም፤ ማንም ግን አይሻገርም።

"ሱልጣን ራሱ ቢላዋውን እንደያዘ ደነገጠ" አሉ። "'አያ ወርቁ፣ መንገድ ተሳስተው ነው?' አለኝ። 'አይዶለም፣ ለሰዓዲያ ነው' አልሁት። 'ትምህርቱ ሲያልቅ ትቀቅለዋለች፤ መብላት እንዳትከለከል ብዬ ነው' አልሁት። መገጣጠሚያውን እንዳይነካብኝ ቆሜ ነው ያስቆረጥሁት።"

ሰዓዲያ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቶቿን በትከሻው ላይ አሳረፈች። ሥጋው ቀዝቃዛ ነበር። ጣቶቿ ቀስ እያሉ ወረዱ፣ ወደ ጎን ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ።

"እዚህ ናት" አለች።

መልስ የለም።

"አያ ወርቁ? ምነው ዝም አሉ?"

"ስትሳሳች ነው የምናገረው" አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻክሯል። "ቀጥይ።"